ስለ ወንድሜ ጥቁር አውቶሞቢል

በዚህ በቤተ ሰብ ገጽ ላይ ስለ ልጆች አስተዳደግ፣ ስለ ጋብቻና ስለ ቤት አያያዝ ብዙ ጠቃሚ ነገር ሲጻፍ ኖሯል። እኔ ዛሬ ስለ አሜሪካ አውቶሞቢል ልጽፍ ስነሣ፣ ይህ ሰው ገጹን ስቶ ገባ የሚል አንባቢ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ነገር ግን የአውቶሞቢሉ ነገር ከቤታችን ነገር ጋራ ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ እንደ ድርና ማግ ተያይዞ ስለ ኖረ፣ አንዱን ከሌላው ለይቼ ለመጻፍ አልቻልሁም። የአውቶሞቢሎቹን ዘመን በፈረንጆች አቆጣጠር፣ የቤታችንን ደግሞ በእኛ አቆጣጠር መጻፌን አንባቢ ልብ እንዲልልኝ እለምናለሁ።

ነገሩ የጀመረው በ1985 ዓ.ም. ነው። በቤተ ክርስቲያን ዳዊት ደግሜ፣ ጥቂትም ቅኔ ከቈጠርሁ በኋላ፣ አባቴ የፈረንጅ ቋንቋ ይማር ብለው ወደ ሚስዮን ትምህርት ቤት አስገቡኝ። በዚያ ትምህርት ቤት መጻሕፍት ቤት፣ በታችኛው መደርደሪያ ላይ፣ አንድ የውጭ አገር መምህር ወደ አገሩ ሲመለስ ትቶት የሄደ በሲባጎ የታሰረ የአሜሪካ የአውቶሞቢል መጽሔት ነበረ። ማንም አይነካውም ነበር። እኔ ግን አንድ ቀን ሲባጎውን ፈትቼ ገለጥሁትና ከዚያ ቀን ጀምሮ መዝገበ ቃላት በአንድ እጄ፣ መጽሔቱን በሌላው እጄ ይዤ መዋል ሆነ ሥራዬ። መምህሬ የእንግሊዝኛ ንባቤ ፈጥኖ መቃናቱን አይተው ምን እንደማነብ ጠየቁኝ፤ እውነቱን በነገርኋቸው ጊዜ ጥቂት ዝም ብለው፣ «ከምሳሌ መጽሐፍ ብትጀምር ይሻል ነበር» አሉኝ።

ከዚያ ሁሉ ሥዕል ልቤን የወሰደው አንድ ነው። በ1987 የተሠራ ቢዩክ ግራንድ ናሽናል የሚባል ባለ ሁለት በር ኩፔ ነበር። የአሜሪካ አውቶሞቢል እንደ ሙሽራ በሚያብለጨልጭ ብረት ማጌጥ ልማዱ ሲሆን፣ ይህ ግን ከፊት እስከ ኋላ እንደ መነኵሴ ቆብ ጥቁር ነው። ማዕዘኑ በገዢ የተሰመረ፣ አቀማመጡ ቀጥ ያለ፣ ፊቱ የተቈጣ ነው። የጠቆረው ብረት ለዓለም የሚታየውን ክብር ንቆ የተወ ይመስል ነበር። ያን ጊዜ የዐሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ነበርሁና ይህን ሁሉ አላሰብሁም፤ ዝም ብዬ አየሁት እንጂ።

ስለ እነዚህ አውቶሞቢሎች ጠባይ ጥቂት ልናገር። ኃይላቸው የሚደርሰው ወደ ኋላው መንኰራኵር ነው። ሞተሩ ከፊት ይቀመጣል፤ ከእርሱ ቀጥሎ ካምቢዮው አለ፤ ከካምቢዮው ተነሥቶ በመካከለኛው ወለል ሥር አንድ ረጅም ዘንግ እየተሽከረከረ ወደ ኋላ ይሄዳል፤ በዲፈረንሻሉም ተከፍሎ ሁለቱን የኋላ መንኰራኵሮች ያዞራል። የፊቶቹ ሥራ መንገድ መምረጥ ብቻ ነው። እኔ ሁልጊዜ በሁለት ሰዎች በተያዘ ቃሬዛ እመስለዋለሁ፤ ፊተኛው ሰው መንገዱን ያያል፣ ኋለኛው ይገፋል። በፊት መንኰራኵር የሚሳበው አውቶሞቢል ግን አንድ ሰው መንገዱንም እየመረጠ ሸክሙንም እየጎተተ እንደሚሄድ ነው። ይህ ለእኛ አገር ሰው እንግዳ ነገር አይደለም፤ በአባቶቻችን ዘመን የታወቀው ፔዦ 404ም፣ በአዲስ አበባ ሰማያዊና ነጭ ቀለም ተቀብቶ ሕዝብ ያመላለሰው ላዳ ታክሲም በኋላ የሚገፉ ነበሩ። በክረምት ጭቃ ላይ ላዳ ወገቡን እንደ ዘፋኝ ሲያወዛውዝ ያየ ሰው የነገሩን ክፉ ጎንም ያውቀዋል።

አሜሪካኖች ሁሉን አውቶሞቢላቸውን ማለት ይቻላል ሲሠሩ የኖሩት በዚህ ሥርዓት ነበር። በ1973 ግን የዐረብ መንግሥታት ነዳጅ ከለከሏቸው፤ በ1974 በአውራ ጎዳና ላይ ከ55 ማይል በላይ በሰዓት እንዳይነዳ ተደነገገ፤ በ1975 ደግሞ ምክር ቤታቸው አዲስ ሕግ አወጣ። በዚያ ሕግ መሠረት አንድ ኩባንያ የሚሸጣቸው አውቶሞቢሎች በማካከል በአንድ ጋሎን ነዳጅ 27.5 ማይል እንዲሄዱ እስከ 1985 ድረስ ጊዜ ተሰጠው። ሞተሩን አግድም አዙሮ ከፊት መንኰራኵር ጋራ ማያያዝ ረጅሙን ዘንግ ያስቀራል፣ ክብደት ይቀንሳል፣ ለተሳፋሪ እግርም ቦታ ይሰጣል። ስለዚህ ኩባንያዎቹ አንዱ ከሌላው እየተከተለ ወደዚያ ሥርዓት ገባ። የሰማንያዎቹ ዓመታት የኋላ ገፊ ኩፔዎች ይህ ፍርድ ከተነገረባቸው በኋላ የቀሩት ናቸው። መሞታቸውን አውቀው እንዳማሩ ሽማግሌዎች ነበሩ ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ቢዩክ ሪጋል፣ ሼቭሮሌ ሞንቴ ካርሎ፣ ኦልድስሞቢል ከትላስ ሱፕሪምና ፖንቲያክ ግራን ፕሪ የአንድ እናት ልጆች ናቸው፤ ጄኔራል ሞተርስ በአንድ ሻንሲ ላይ አራቱን ልብስ እየለወጠ ይሸጣቸው ነበር። በዚያው ኩባንያ ካማሮና ፋየርበርድ በ1982 አዲስ ቅርጽ አግኝተው ወጡ፤ ብዙ ሰው እነዚህን ያመሰግናል፤ ለእኔ ግን ሆዳቸው መሬት የሚነካ እንሽላሊት ስለሚመስሉኝ አልወደድኋቸውም። ፎርድ ከ1979 ጀምሮ የሠራው ሙስታንግ ለድኃ ልጅ የሚሆን ፈጣን አውቶሞቢል ነበር፤ በ1987 አምስት ሊትር የሚይዘው ሞተሩ 225 የፈረስ ጉልበት ነበረው። ኩባንያው ይህን ሙስታንግ ጥሎ በምትኩ ከጃፓኑ ማዝዳ ጋራ የተሠራ የፊት ሳቢ አውቶሞቢል በዚያው ስም ሊሸጥ አስቦ ነበር። ወሬው በተሰማ ጊዜ ወዳጆቹ እጅግ ስለ ጮኹ፣ ኩባንያው አሳቡን ለውጦ አዲሱን አውቶሞቢል ፕሮብ ብሎ ሰየመው፤ ሙስታንግም በኋላ መንኰራኵሩ እንደ ጸና ቀረ። በአንድ ስም ላይ እንዲህ ያለ ሙግት ተነሥቶ ባለጉዳዩ ያለ ዳኛ ሲረታ ሌላ አላነበብሁም።

ወደ ቢዩኩ ልመለስ። የሞተሩ ታሪክ ብቻውን አንድ መዝገብ ይወጣዋል። ቢዩክ ይህን ባለ ስድስት ሲሊንደር ሞተር በስድሳዎቹ መጀመሪያ ሠራው፤ በ1967 ግን አይረባኝም ብሎ የሚሠራበትን መሣሪያ ሁሉ ጂፕ ለሚሠራው ለካይዘር ኩባንያ ሸጠው። የካይዘር ጂፕ ሥራም በ1970 ለአሜሪካን ሞተርስ ተሸጠ። የነዳጁ ችግር በመጣ ጊዜ ቢዩክ ትንሽ ሞተር ቢፈልግ አጣ፤ በ1974 ያንኑ የሸጠውን መሣሪያ መልሶ ገዛ። ርስቱን በጥጋብ ዘመን ሸጦ በራብ ዘመን መልሶ የሚገዛ ሰው በእኛ መዝገብ ቤት ብዙ አይቻለሁ፤ እንዲህ የተባረከለት ግን አላየሁም።

መሐንዲሶቹ በዚህ ሞተር ላይ ቱርቦ የሚባለውን ጨመሩበት። ሥራው የቀጥቃጭን ወናፍ ይመስላል፤ ወናፉን የሚነፋው ግን ራሱ ጢሱ ነው። ከሞተሩ የሚወጣው ጢስ በከንቱ ወደ ውጭ ከመሄዱ በፊት አንዲት ትንሽ መዘውር ያሽከረክራል፤ ያች መዘውር ሁለተኛዋን ታዞራለች፤ ሁለተኛዋም ከውጭ አየር እየሳበችና እያመቀች ወደ ሞተሩ ትሰዳለች። አየር ሲታመቅ ስለሚግል፣ በ1986 ማቀዝቀዣ ተጨመረለት። ግራንድ ናሽናል የሚለው ስም ከአገሩ የአውቶሞቢል እሽቅድምድም ስም የተወሰደ ነው፤ ቢዩክ በ1981 እና በ1982 በዚያ እሽቅድምድም በሠሪዎች መካከል አንደኛ ሆኖ ነበርና። በ1982 የተሠሩት 215 ብቻ ሲሆኑ ቀለማቸው ብርማና ግራጫ ነበረ፤ ጥቁሩን የለበሰው በ1984 ነው። በ1987 ጉልበቱ 245 ፈረስ ደረሰ። የዚያው ኩባንያ ኩራት የነበረው ኮርቬት በዚያ ዓመት 240 ነበረና፣ ሽማግሌ የሚነዳው ተብሎ የሚናቀው ቢዩክ ጎልማሳውን በአምስት ፈረስ በለጠው። በመጨረሻ ጂ.ኤን.ኤክስ የተባለ ተለይቶ የተሠራ 547 አውቶሞቢል ብቻ ወጣ፤ ጉልበቱ 276 ፈረስ ተብሎ ተጻፈ፤ ዋጋውም ወደ 30,000 ዶላር ይጠጋ ነበር። ይህን ዋጋ አንባቢ እንዳይረሳብኝ። በ1987 ዲሴምበር ወር በሚሺጋን ግዛት በፖንቲያክ ከተማ የመጨረሻው ግራንድ ናሽናል ተሠርቶ ወጣ፤ የ1988 ሪጋል በፊት መንኰራኵር የሚሳብ ሆነ።

ታላቅ ወንድሜ ጋሼ ከእኔ ዐሥራ ስድስት ዓመት ይበልጣል። በ1981 ዓ.ም. አገር ለቆ በአውሮፓ በኩል አሜሪካ ገባና በዋሽንግተን ከተማ በአንድ የአውቶሞቢል ማቆሚያ ቤት ተቀጠረ። በየደብዳቤዬ ሁሉ ያን ጥቁር ቢዩክ አይተኸዋል ወይ እያልሁ አስቸግረው ነበር። በታኅሣሥ 1987 ዓ.ም. ፎቶግራፍ ያለበት ደብዳቤ ደረሰኝ። ወንድሜ ካፖርት ለብሶ፣ እጁን አጣምሮ፣ በአንድ ጥቁር ባለ ሁለት በር አውቶሞቢል ኮፈን ላይ ተደግፏል። በስተጀርባው «የምትወደውን ቢዩክ ገዛሁልህ፤ ስትመጣ ትነዳዋለህ» ብሎ ጽፎበታል። ፎቶግራፉን በዳዊቴ ውስጥ አስቀመጥሁት።

በሚቀጥለው ዓመት አባታችን በኩላሊት በሽታ ታመሙ። ሐኪሞች ወደ ውጭ አገር ሄደው እንዲታከሙ አሳሰቡ። ወንድሜ በመንገደኛ እጅ 900 ዶላር ላከ። እኅታችን እትዬ ሌሊትና ቀን ከአልጋቸው አልተለየችም፤ ያላትን ወርቅ ሸጠች፤ ገንዘቡ አልሞላም። በሚያዝያ 1988 ዓ.ም. አባታችን ዐረፉ። ወንድሜ ለቀብር አልመጣም።

እንግዲህ ጥፋቴን ልናገር። በሠልስቱ ቀን በድንኳኑ ውስጥ ዘመዶች ስለ ወንድሜ ሲጠያየቁ፣ ድኻ ሆኖ ነው ያልመጣው ያለ ሰው ነበረ። እኔ የዐሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ነበርሁና ወንድሜን ድኻ ማለቱ አሳፈረኝ፤ ክብሩን የመለስሁ መስሎኝ ፎቶግራፉን ከዳዊቴ አውጥቼ፣ «ይህ አውቶሞቢል በዓለም ላይ 547 ብቻ ነው፤ ዋጋው ሠላሳ ሺህ ዶላር ነው» ብዬ በሰው ሁሉ ፊት ተናገርሁ። ግራንድ ናሽናሉን ከጂ.ኤን.ኤክሱ ቀላቅዬ መናገሬ ነው፤ ትልቁ ቍጥር ደስ ስላለኝ። እትዬ ፎቶግራፉን ከእጄ ተቀብላ ብዙ ጊዜ አየችው። በዚያን ጊዜ አንድ ዶላር ከስድስት ብር በላይ ነበር። «መቶ ሰማንያ ሺህ ብር» አለች፤ ሌላ ምንም አልተናገረችም። ፎቶግራፉንም አልመለሰችልኝም።

ከዚያ በኋላ ወንድሜ በ1994 ዓ.ም. መጥቶ አርባ ቀን ተቀመጠ። እትዬ ቡና አፍልታ ሰጠችው፤ እግዚአብሔር ይስጥልኝ አላት፤ ነገራቸው ይኸው ነበር። እናታችን በ2003 ዓ.ም. ሲያርፉም መጥቶ በአንድ ድንኳን ሁለት ጫፍ ላይ ተቀመጡ። እርሱ ምን እንደ በደላት አላወቀም፤ እርሷም አልነገረችውም፤ እኔም ሁለቱንም እያወቅሁ ዝም አልሁ። የሌላውን ሰው የምስክርነት ቃል አንዲት ፊደል ሳላጎድል በመጻፍ እንጀራ የምበላ ሰው፣ በገዛ ቤቴ የሰጠሁትን ቃል ሳላርም ያን ያህል ዘመን ኖርሁ።

በ2015 ዓ.ም. የወንድሜ ልጅ ከዩኒቨርሲቲ ሲመረቅ ፈቃድ ወስጄ ወደ ቨርጂንያ ሄድሁ። በደረስሁ በማግስቱ ወንድሜ ወደ ጋራዡ ወስዶ ሸራውን ገለጠልኝ። ሠላሳ ዓመት የተመኘሁት አውቶሞቢል በፊቴ ቆመ። ጥቁር ነው። ነገር ግን ከፊቱ ያለው ፍርግርግ በብር ቀለም ያብለጨልጫል፤ በኮፈኑም ላይ ቱርቦ ያላቸው የሚታወቁበት ጉብታ የለም። በፎቶግራፉ ላይ ወንድሜ በካፖርቱ የሸፈነው ያንን ኖሯል። ኮፈኑን ከፍቶልኝ ባየሁ ጊዜ፣ በሞተሩ አናት ላይ እንደ ምጣድ አክንባሎ ክብ የሆነ የአየር ማጣሪያ ተቀምጧል፤ ከሥሩም ካርቡራተር አለ። ቱርቦም፣ ማቀዝቀዣም የለበትም። የ1987 ተራ ሪጋል ነው። ሻንሲው ያው፣ የሞተሩ ስፋት ያው 3.8 ሊትር፤ ጉልበቱ ግን 110 ፈረስ ነው።

ፊቴን አይቶ ሣቀና፣ «አወቅህብኝ» አለኝ። «ጋሼ፣ ለምን ግራንድ ናሽናል ነው አልኸኝ?» ብለው፣ «ቢዩክ አልሁህ እንጂ ሌላ አላልሁህም፤ ያን የምታወራውን ሳይማ ባለቤቱ ቁልፉን ሰጥቶኝ ሦስት ጊዜ አቁሜዋለሁ፤ ዋጋውን ስሰማ ግን ራሴን ያዝሁ። አንተ ልጅ ነበርህ። ደስ ይበልህ ብዬ ነው» አለ። ፎቶግራፉን ያነሣለት የሥራ ባልደረባው መሆኑንም ነገረኝ፤ ኮፈኑን በካፖርት መሸፈን ግን የራሱ ብልሃት ነበር።

ልጁ ይህን አሮጌ ሞተር አውጥቶ በቱርቦው ሊለውጠው ይፈልጋል። በአሜሪካ እንዲህ የሚያደርጉ ብዙ ናቸው፤ ሻንሲው አንድ ስለ ሆነ ነገሩ አያስቸግርም። ወንድሜ ግን አውቶሞቢሉን በልጁ ስም ሊያዞርለት ከወሰነ በኋላ እንኳ ሞተሩ እንዳይነካ ውል ካልተጻፈ አልፈርምም ብሎ ተከራክሮ ኖሯል። «አንተ የሕግ ሰው ነህና ወረቀቱን እየው» ብሎ አንድ ያረጀ የካርቶን ማኅደር ሰጠኝ። ወረቀት ሳይ እጄ አያርፍምና ሌሊቱን ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው አነበብሁት።

በውስጡ የአውቶሞቢሉ የባለቤትነት ወረቀትና የሽያጩ ደረሰኝ ነበር፤ በ1994 ከአንድ ሽማግሌ በ1,400 ዶላር፣ በሰባት ወር ተከፍሎ የሚያልቅ ተብሎ ተጽፏል። ቀጥሎ በእርሳስ የተጻፈ የዕቁብ ደብተር አገኘሁ። በዋሽንግተን የነበሩ ሃያ የአገራችን ሰዎች በየሳምንቱ የሚጥሉት ዕቁብ ነው። ወንድሜ በዕጣው አሥራ ሰባተኛ ወጥቶ ኖሮ፣ «ለአባቱ ሕመም» ተብሎ ሁለተኛው ዕጣ በልመና እንደ ተሰጠው ደብተሩ ይናገራል፤ ገንዘቡም 900 ዶላር ነው። አንዲቱን እንኳ አላስቀረም። በመጨረሻ ከኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤት የተጻፈ ደብዳቤ አለ። የጥገኝነት ጥያቄው ገና በመታየት ላይ ነበር፤ ጉዳዩ ሳይቆረጥ አስቀድሞ ሳያስፈቅድ ከአገር የወጣ ሰው ጥያቄውን እንደ ተወ ይቆጠርበታል። የደብዳቤው ቀን አባታችን ካረፉ በኋላ በዐሥራ አንደኛው ቀን ነው። መውጣት የሚችል እንደ ሆነ ጠይቆ የተሰጠው መልስ ነበር።

በነጋው ወንድሜ ቡናውን ሲጠጣ በድንኳኑ ውስጥ የተናገርሁትን ሁሉ ነገርሁት። መጀመሪያ አልገባውም። «ስንት ነው አልህ ያልኸው?» አለኝ። «ሠላሳ ሺህ ዶላር» አልሁ። ሣቀ፤ ብዙ ሣቀ፤ ዓይኑ እንባ እስኪሞላ ድረስ ሣቀ። «እኔ ሠላሳ ሺህ ዶላር ቢኖረኝ አባቴን…» ብሎ ጀመረና አልጨረሰውም። ስኒውን አስቀመጠ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ተነሥቶ የአውቶሞቢሉን ቁልፍ ከመስቀያው አወረደና፣ «ተነሥ እንሂድ» አለኝ።

ሞተሩ በብርድ ሲነሣ ነዳጅ መስጫውን ሁለት ጊዜ መርገጥ ይፈልጋል፤ ቀጥሎም እንደሚያስለው ሽማግሌ ጥቂት ይንቀጠቀጥና ይረጋጋል። በፖቶማክ ወንዝ ዳር ወደ ማውንት ቨርነን በሚወስደው ዛፍ በሸፈነው መንገድ ሄድን። ወንበሩ እንደ ቤት ሶፋ ለስላሳ ነው። ዳገት ላይ ሌሎች አውቶሞቢሎች አለፉን፤ 110 ፈረስ ከዚያ በላይ አይፈረድበትም። ነገር ግን ከመብራት ላይ ሲነሣ አፍንጫው ጥቂት ብድግ ብሎ፣ ክብደቱ ወደ ኋላ አርፎ፣ አንድ የማይታይ እጅ ከወገባችን ሥር ሲገፋን ተሰማኝ። በመጽሔት ብቻ ያነበብሁትን ያን ጊዜ በሰውነቴ አወቅሁት። ወንድሜ እየነዳ ስለ አውቶሞቢሉ ብቻ አወራኝ። በመጀመሪያው ክረምት ቤት ያጣ ጊዜ ሁለት ሳምንት በኋላ ወንበሩ ላይ ተኝቷል። በረዶ ሲወርድ ኋላው እንዳይንሸራተት በዕቃ መጫኛው ሁለት ጆንያ አሸዋ ይጭናል። ልጁን ከተወለደበት ሐኪም ቤት ያመጣው በዚሁ ነው። ስለ እትዬ አንድ ቃል አልተናገረም፤ ስንመለስ ግን ከቤቱ በር ላይ ሞተሩን ሳያጠፋ፣ «ያን ፎቶግራፍ አሁንም ይዛው ይሆን?» አለ።

በዚያው ማታ ለእትዬ ስልክ ደወልሁ። አዲስ አበባ ንጋት ነበር። ከሠልስቱ ቀን ጀምሬ፣ ማኅደሩን ገጽ በገጽ፣ በፍርድ ቤት እንደማነበው አድርጌ አነበብሁላት። አላቋረጠችኝም። በጨረስሁም ጊዜ፣ «ዋጋው ስንት ነው ያልኸው?» ብላ ጠየቀችኝ። «ሺህ አራት መቶ፤ በሰባት ወር የሚከፈል» አልኋት። የጎረቤት ዶሮ ሲጮኽ በስልኩ ይሰማኝ ነበር። «የዕቁቡን ደግመህ አንብብልኝ» አለች፤ ደግሜ አነበብሁላት። ከዚያም በኋላ፣ «እሑድ ከቅዳሴ ስመለስ እሱ ይደውልልኝ። አንተ ግን አትደውል» ብላ ዘጋችብኝ።

ቅዳሴ በአዲስ አበባ ከጧቱ ሦስት ሰዓት ላይ ሲወጣ በቨርጂንያ ሌሊት ስምንት ሰዓት ነው። እሑድ ሌሊት ውሃ ልጠጣ ስወርድ ወንድሜ በሳሎኑ ውስጥ ሙሉ ልብሱን ለብሶ፣ ክራቫቱን አስሮ፣ ስልኩን በጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀምጦ አገኘሁት። ሰዓቱ ገና ሰባት ተኩል ነበር።